ደጅ መጥናት፦ ሳይታክቱና ሳይታበዩ ለመጸለይ

የቆቦ ገበሬ የክረምቱን ውሃ ሁልጊዜ ከራሱ ሰማይ አይጠብቅም። ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል የላስታ ተራሮች ይጠቁራሉ፤ ነጎድጓድ ይሰማል፤ ከዚያ ሜዳው ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ በደረቀው የወንዝ አሸዋ ላይ እያጓራ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሲመሽ ወይም ሌሊት ነው። ቦዩን አስቀድሞ የጠረገና ከአፈርና ከእሾህ ቅርንጫፍ መጥለፊያ የሠራ ሰው ማሽላውን ያጠጣል። ጎርፉ ከደረሰ በኋላ አካፋ የሚፈልግ ግን ውሃው ሲያልፍ ቆሞ ያያል። ኃይለኛ ጎርፍ መጥለፊያውን ጠርጎ ሲወስደው ደግሞ ያው ገበሬ በነጋታው ተመልሶ ይሠራዋል። በአንድ ክረምት ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢፈርስም ይሠራዋል።

ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በዞብል ተራሮችና በላስታ ከፍታዎች መካከል የተዘረጋው ይህ የራያ ቆላ የሕዝቡን ጸሎትም የቀረጸ ይመስላል። እዚህ ውሃ ከላይ የሚወርድ ስጦታ ነው፤ ማንም በኃይሉ አያመጣውም። ቦዩን ያልጠረገ ሰው ግን ስጦታው በደጁ ሲያልፍ ያመልጠዋል።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ጥበቃ የቆየ ቃል አለው፦ ደጅ መጥናት። በድሮው ዘመን ርስቱን የተቀማ፣ ፍርድ የጎደለበት ወይም ሹመት የፈለገ ሰው በንጉሥ ወይም በመኳንንት ደጅ ወራት፣ አንዳንዱም ዓመታት ይቆም ነበር። ደጅ ጠኚ በሩን ገፍቶ አይገባም፤ ተስፋ ቆርጦም አገሩ አይመለስም። ምእመናን ይህንኑ ቃል ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ገቡ። ዛሬም የልጅ፣ የጤና ወይም የሰላም ጥያቄ ያላት እናት ስለ ጸሎቷ ስትናገር "ደጅ እየጠናሁ ነው" ትላለች።

በሉቃስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ ክርስቶስ ስለ ጸሎት ሁለት ምሳሌዎችን ተናግሯል፤ ተከታትለውም ተጽፈዋል። አንደኛው ዳኛውን እስኪፈርድላት ድረስ ያልለቀቀችው መበለት ናት። ሁለተኛው ደረቱን እየመታ በሩቅ የቆመው ቀራጭ ነው። መበለቲቱ ጽናትን ታስተምራለች፣ ቀራጩ ትሕትናን። ጽናት ብቻውን ሲቀር ጸሎትን ወደ ጭቅጭቅ ይለውጠዋል። ትሕትና የሚመስል ግን ጽናት የሌለው ጸሎት ደግሞ "እኔ ማን ነኝና ይሰማኛል" ብሎ በሦስተኛው ቀን ይቆማል። ቀጥለው የቀረቡት ስምንት እርምጃዎች ሁለቱን አብሮ ለመያዝ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጁ ናቸው። አብዛኛው ሥርዓት በራያ ምእመናን ዘንድ ከሚሠራበት ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማድ የተወሰደ ነው፤ የሌላ ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነ ክርስቲያንም እንደ ሥርዓቱ ሊጠቀምበት ይችላል።

እርምጃ 1፦ ሰዓትና ስፍራ ይለዩ

"ጊዜ ሳገኝ እጸልያለሁ" ያለ ሰው ጊዜ አያገኝም። ቤተ ክርስቲያን ቀኑን በሰባት የጸሎት ሰዓታት ከፍላ የሰጠችው ለዚህ ነው፦ ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም ማለትም የመኝታ ሰዓት፣ እና መንፈቀ ሌሊት። እያንዳንዱ ሰዓት መታሰቢያ አለው። ስድስት ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት ነው።

ጀማሪ ሰባቱንም ልያዝ ብሎ አይነሣ። በነግህና በመኝታ ይጀምሩ፤ ለእያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ ይበቃል። 40 ቀን ሳያቋርጡ ከቆዩ በኋላ ሦስተኛውን ይጨምሩ። በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ቆሞ ሳምንቱን ሙሉ ከሚጠፋ ሰው ይልቅ 10 ደቂቃውን በየቀኑ የሚጠብቅ ሰው ሩቅ ይሄዳል።

ከቤትዎ አንድ ጥግ ይምረጡና ፊትዎን ወደ ምሥራቅ አዙረው ይቁሙ። መጽሐፉ፣ ነጠላው፣ መቁጠሪያው ካለም እሱ፣ ሁሉም እዚያው ይቀመጥ፤ ስልኩ ከዚያ ይራቅ። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነና ልጆች ከበዙ ከእነሱ ቀድመው ይነሡ። የሥራ ቦታም ስፍራ ይሆናል። ማሽላው ሲያሸት ከማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ወፍ የሚጠብቅ ሰው ስድስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋን አይቶ ማወቅ ይችላል። ባለ ሱቅ ቁልፉን ከመክፈቱ በፊት፣ ሾፌር ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያደርሳል።

እርምጃ 2፦ አካልዎን ያስቀድሙ

ልብ እስኪሰበር አይጠብቁ፤ አካል ልብን ይስበዋል። ጫማዎን ያውልቁ፤ ነጠላዎን መስቀለኛ ያጣፉ፤ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ በስመ አብ ብለው ያማትቡ፤ ከዚያ ይስገዱ። በአገራችን በታላቅ ሰው ፊት ነጠላን ማደግደግ የአክብሮት ምልክት መሆኑን ማንም ያውቃል። ያንኑ አክብሮት በማንም በማይታዩበት ክፍል ውስጥ ሲያደርጉት የሚያከብሩት ማንን እንደሆነ ለራስዎ ይነግሩታል።

ነቢዩ ኤልያስ ከሦስት ዓመት ድርቅ በኋላ ስለ ዝናብ ሲለምን በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ወደ ምድር አጎንብሶ ፊቱን በጉልበቶቹ መካከል እንዳደረገ መጽሐፈ ነገሥት ይተርካል። ጥቂት ቀደም ብሎ በዚያው ተራራ እሳት ከሰማይ አውርዶ ሕዝቡን ሁሉ ያስደነቀ ሰው ነው። ያ ሁሉ ከሆነ በኋላም ለሚቀጥለው ልመና ጎንበስ ብሎ መጣ፤ ባለፈው ተአምር አልተመካም።

ስግደት መጠን አለው። በቅዳሜና በእሑድ፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትና በታላላቅ በዓላት የንስሐ ስግደት አይሰገድም። የታመመ፣ ያረጀ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ተቀምጠው ይጸልዩ፤ ተኝተውም ይችላሉ። ቁጥሩን በራስዎ ከማብዛት የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

እርምጃ 3፦ የተጣሉትን ሰው ያስቡ

በማቴዎስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ ክርስቶስ መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንዳዘነበት ቢያስብ መባውን ትቶ ሄዶ ይታረቅ ይላል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት "ከማን ጋር አልነጋገርም?" ብለው ይጠይቁ፤ አንድ ስም ይያዙ። በቀጥታ መሄድ ከከበደዎ ሽማግሌ ይላኩ።

ራያ ለዕርቅ የሚበቃ ሥርዓት አላት። ዘወልድ በሚባለው ባህላዊ ሽምግልና ሽማግሌዎች የደም ጠበኞችን ሳይቀር አቀራርበው ያስታርቃሉ። ሰው ለገደለ የሚወርደው ዕርቅ ለድንበር፣ ለውርስ ወይም ለክፉ ቃል አይወርድም ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ጉዳዩ ግን ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ቆቦ በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነት ሁለት ጊዜ የገባባት፣ ሰላማዊ ሰዎችም የተገደሉባት ከተማ ናት። ልጁን ለቀበረ ሰው "ይቅር በልና ጸልይ" ብሎ ማለፍ ጭካኔ ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ካለብዎ ሙሉ ይቅርታን በአንድ ሌሊት አይፈልጉ። በመጀመሪያ "በቀልን ለአንተ ተውኩ" ለማለት ብቻ ይለምኑ፤ ይህንንም ማለት ካቃተዎ "ማለት እንድችል እርዳኝ" ይበሉ። ፍትሕን መጠየቅ ከይቅርታ ጋር አይጣላም። መበለቲቱም ለዳኛው ያቀረበችው ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ነበር።

እርምጃ 4፦ በምስጋና ይግቡ፣ በደልዎን በስሙ ይጥሩ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ምስጋና፣ ኑዛዜ፣ ልመና፣ ስለ ሌሎች ምልጃ። ምስጋናው ተጨባጭ ይሁን። "ስለ ሁሉ አመሰግናለሁ" ከማለት የዛሬዋን ቁራሽ፣ ከሕመም የተነሣውን ልጅ፣ በሰላም የገባውን መንገደኛ ያንሡ።

ኑዛዜውም እንዲሁ ነው። በቀራጩ ምሳሌ ላይ አብሮት ሊጸልይ የወጣው ፈሪሳዊ ጾሙንና አሥራቱን ቆጠረ፤ ጎረቤቱንም ከራሱ ጋር አነጻጸረ። ቀራጩ ግን ስለ ማንም አልተናገረም፤ ራሱን ብቻ አቀረበ። "ኃጢአተኛ ነኝ" ማለት ቀላል ነው፤ የሚከብደው "ትናንት ሚዛኑን አጉድያለሁ"፣ "ሳርስ የጎረቤቴን ድንበር በአንድ ትልም ገፍቻለሁ"፣ "ሠራተኛዬን በሰው ፊት አዋርጃለሁ" ማለት ነው። በየምሽቱ አንድ በደል በስሙ ይጥሩ። የተወሰደ ነገር ካለ በማግስቱ ይመልሱ፤ ትልሙም ወደ ቦታው ይመለስ።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ትሕትና ራስን መስደብ አይደለም። "እኔ ትል ነኝ፣ ምንም አልረባም" እያሉ መደጋገም አንዳንዴ ስለ ራስ ማውራትን ማራዘም ይሆናል። ትሑት ሰው በደሉን ተናግሮ ምሕረቱን ተቀብሎ ይነሣል። ቀራጩም ጸድቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ ነው የሚለው ወንጌሉ።

እርምጃ 5፦ ልመናዎን በግልጽ ይናገሩ

መበለቲቱ አንድ ጉዳይ ነበራት። እርስዎም ለዚህ ወቅት ዋናውን አንዱን ይምረጡ። ማንበብና መጻፍ ከቻሉ በአንድ መስመር ጽፈው በጸሎት መጽሐፍዎ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ቀኑንም ያኑሩበት። ከወራት በኋላ ገልጠው ሲያዩት የተለወጠው ምን እንደሆነ ያስተውላሉ፤ ጉዳዩ ይሁን ልመናው ወይም ራስዎ።

በራስዎ ቋንቋ መለመንን አይፍሩ። ሐና ልጅ አጥታ በሴሎ መቅደስ ስትለምን ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ካህኑ ዔሊም ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እሷ አልተቆጣችም፤ ጸሎቷንም አላቋረጠችም፤ ኀዘንተኛ መሆኗን በአክብሮት አስረዳችው። ዔሊ ይህን ሲሰማ መርቆ ሸኛት፤ በዓመቱም ሳሙኤልን ወለደች። ከካህን ሳይቀር የሚመጣን ያለመረዳት በትሕትና ተቀብሎ ጉዳዩን አለመልቀቅ ከእሷ ይማሩታል።

ስለት መሳል በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ሐናም ተስላለች። ነገር ግን ስለት ንግድ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። "ይህን ብታደርግልኝ ያንን እሰጥሃለሁ፣ ካላደረግህ ግን..." የሚለው አነጋገር ደጅ ጠኚን ወደ ተከራካሪ ይለውጠዋል። የተሳሉትን ይክፈሉ፤ ከአቅም በላይ ግን አይሳሉ፤ የልጆችን ጉሮሮ የሚዘጋ ስለት አይግቡ። ልመናውንም ክርስቶስ በጌቴሴማኒ እንዳደረገው ፈቃዱን ለአባቱ በመተው ይዝጉ። እሱም ያንኑ ጸሎት ሦስት ጊዜ ደግሞ ነው የተነሣው።

እርምጃ 6፦ ይድገሙት

የራያ ጎረቤት ከሆነችው ላስታ፣ ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በዋሻ ውስጥ የተሠራ የነአኵቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከሥሩ የተደረደሩ የድንጋይ ገበታዎች ጠብታውን ይቀበላሉ፤ ምእመናን ለጸበል ይወስዱታል። ገበታውን በአንድ ሰዓት ልሙላው ያለ ሰው አዝኖ ይመለሳል፤ ማልዶ የሚመጣ ግን ሞልቶ ያገኘዋል።

መድገምን የሚያሠለጥኑ መሣሪያዎች በእጅዎ አሉ። የመጀመሪያው ዳዊት ነው። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ የተከፈለ ነው፤ አንድ ንጉሥ አሥር መዝሙር ይይዛል። በሳምንት ለማዳረስ የሚጸልዩ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደግማሉ፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ነው። ለጀማሪ በቀን አንድ መዝሙር ይበቃል። ሁለተኛው ውዳሴ ማርያም ነው፤ ለየዕለቱ ተከፍሎ የተዘጋጀ በመሆኑ ዛሬ ምን ልጸልይ ከሚል ጭንቀት ያሳርፋል። ሦስተኛው መቁጠሪያ ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰው እግዚኦ መሐረነን 41 ጊዜ ይቆጥርበታል።

ጌታ በከንቱ መደጋገምን አውግዟል። ልዩነቱ ከልብ ነው እንጂ ከቁጥር አይደለም። ፈጥነው 41 ላይ ከመድረስ ቀስ ብለው 12 ጊዜ ማለት ይሻላል። አንድ ቃል ልብዎን ከነካ እዚያው ይቆዩ፤ የቀረው ነገ ይደርሳል።

በድጋሚ የጸና ሰው የት እንደሚደርስ ለማየት ወሎ ሩቅ አይልክም። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተወለደ የወሎ ልጅ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን ሊቅ ስለነበር ልጁን ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰደደው። ገድሉ እንደሚተርከው ሕፃኑ ትምህርት አልገባ አለው፤ ዓመታት አለፉ። ተስፋ የቆረጡ መምህራን ወደ አባቱ ቢመልሱትም አባቱ "ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ፤ ገዳሙን ያገልግል" ብሎ መለሰው። ጊዮርጊስም የገዳሙን እህል ይፈጭ ጀመር። ቀን ከወፍጮው ድንጋይ ጋር፣ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ቆየ። የቀለም ትምህርት አልገባው ያለ ልጅ ጸሎቱን ግን አልተወም፤ የወፍጮውን ሥራም አልናቀም።

ልመናው ተሰማ። ያ ልጅ አርጋኖንንና መጽሐፈ ምሥጢርን ጻፈ። መጽሐፈ ሰዓታትንም ደረሰ፤ በመላ ኢትዮጵያ በየደብሩ ሌሊት ሰዓታት የሚቆመው በእሱ ድርሰት ነው። ፊደል አልቆጥር ብሎ የተመለሰው ልጅ ለአገሩ ሁሉ የጸሎት ሰዓት ሰጠ።

እርምጃ 7፦ ተነሥተው ቦዩን ይጥረጉ

ወደ ኤልያስ እንመለስ። አጎንብሶ ሳለ አገልጋዩን ወደ ባሕር በኩል እንዲያይ ላከው። ምንም የለም ብሎ ተመለሰ። እንደገና ላከው፤ ሰባት ጊዜ። በሰባተኛው የሰው እጅ የምታህል ትንሽ ደመና ታየች። ኤልያስ ዝናቡ እስኪወርድ አልቆየም፤ ንጉሡ ሠረገላውን እንዲያዘጋጅ ወዲያው ላከበት። ደመናዋ ስትታይ ሥራው ተጀመረ።

የቆቦ ገበሬ ይህን በተግባር ያውቀዋል። የበልግ ዝናብ ከመጣ ረጅም ጊዜ የሚወስደውን ማሽላ በሚያዝያ ይዘራል። ከቀረ ደግሞ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ወይም ጤፍ አዘጋጅቶ ሐምሌን ይጠብቃል። ጸሎቱ ዘር ከመምረጥ አላስቀረውም። ሥራ የሚለምን ወጣት ማመልከቻውን ይጻፍ፤ ስለ ፈተና የሚጸልይ ተማሪ ያጥና። ስለ ጤና የሚለምን ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ መድኃኒቱንም አያቋርጥ። ነፍሳቸውን ይማርና የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ አስተምረዋል።

ጾምና ምጽዋትም ቦይ ከመጥረግ ይቆጠራሉ። ረቡዕና ዓርብ ሲጾሙ የቀረውን ምሳ ዋጋ ለብቻ ያስቀምጡ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ለአንድ ችግረኛ ይስጡ። ለማን እንደሰጡ አይናገሩ።

እርምጃ 8፦ ብቻዎን አይቁሙ

ሌላው ሰው እንዲጸልይልዎ መጠየቅ ለብዙ ሰው ከመጸለይ ይከብዳል፤ ድካምን መግለጥ ነውና። የጽዋ ማኅበር ካለዎ ጉዳይዎን እዚያ ያንሡ። የንስሐ አባትዎን ይጥሩ። በምላሹ የሌላውን ጉዳይ ይያዙ፤ በየምሽቱ ሦስት ስሞችን በስማቸው ያስቡ፤ አንዱ የማይወዱት ሰው ይሁን።

መከራው የሁሉ ሲሆን ጸሎቱም የሁሉ ይሆናል። ምህላ የሚባለው ይህ ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቁ በአገር አቀፍ ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሰው ለእርዳታ ሲያጋልጥ ሰሜን ወሎ ክፉኛ ከተጎዱት ነበር። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ የበረሃ አንበጣ ወረደ፤ የራያ ቆቦ ገበሬ ጅራፍና ቆርቆሮ ይዞ ከልጆቹ ጋር ማሳው ውስጥ ዋለ። እንዲህ ባለው ቀን ባለጠጋውና ድኻው ጎን ለጎን ቆመው እግዚኦ ይላሉ፤ ሙስሊሙ ጎረቤትም በዱዓው ያንኑ ፈጣሪ ይለምናል። ምህላ ሲታወጅ ከኋላ ሰልፍ ይግቡ። ከሕዝቡ አንዱ ሆኖ መለመን ራሱ የትሕትና ትምህርት ነው።

እንቅፋት ሲያጋጥም

ሐሳብ ይበተናል። ገበያው፣ ዕዳው፣ የልጁ ትምህርት ቤት ከጸሎቱ መካከል ብቅ ይላል። አይደንግጡ፤ ራስዎንም አይውቀሱ። የመጣውን ሐሳብ ወደ ልመና ይለውጡትና ወደ ቃሉ ይመለሱ። አሥር ጊዜ ከተበተነ አሥር ጊዜ ይመለሱ።

እንቅልፍ ያሸንፋል። ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ የዋለ ሰው መተኛቱ ኃጢአት አይደለም። የመኝታውን ጸሎት ከእራት በፊት ያድርጉት፤ ቆመውም ይጸልዩ።

ጸሎት በራሱ ያኮራል። ይህ ከሁሉ ረቂቅ ነው። ስንት ሰዓት እንደቆሙ፣ ስንት እንደሰገዱ፣ ዳዊትን በሳምንት እንደጨረሱ ለሰው መናገር ሲያምርዎ ፈሪሳዊው በደጅ እንደቆመ ይወቁ። በዚያ ሳምንት ከጸሎቱ ሳይቀንሱ ለማንም ሳይነግሩ አንድ ዝቅተኛ ሥራ ይጨምሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ይጥረጉ፣ ለአንድ አረጋዊ ውሃ ይቅዱ። አባ ጊዮርጊስን ወፍጮ ጠብቆታል።

መልስ ይዘገያል። ከነናዊቷ እናት ስለ ታመመች ልጇ ስትጮኽ መጀመሪያ ዝምታ፣ ቀጥሎም ከባድ ቃል ገጠማት። እሷ ግን ቃሉን ሳትቃወም፣ እግሩንም ሳትለቅ፣ ከማዕድ የሚወድቅ ፍርፋሪ ይበቃኛል ብላ ቆየች፤ ልጇ ዳነች። ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ በሥጋው የነበረው መውጊያ እንዲወገድ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልተነሣም፤ የተሰጠው ጸጋ ነበር። ሁለቱም ተሰምተዋል፤ መልሳቸው ግን አንድ አልነበረም።

ስለዚህ የሌላ ሰው ልመና ሳይፈጸም ሲያዩ "እምነትህ ጎድሎ ነው" አይበሉ። በ1977 ዓ.ም. በቆቦ፣ በአላማጣና በኮረም ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች ጸልየው ነበር። ከእነሱ ይልቅ የጸለየ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ከምክር የሚበልጠው ቁጭ ብሎ አብሮ ማልቀስና እህል ይዞ መሄድ ነው። የኢዮብ ወዳጆችም መልካም የሠሩት ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ ነበር፤ የሳቱት መናገር ሲጀምሩ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት

ሰኞ ጥጉን ያዘጋጁ፤ ሁለቱን ሰዓት ይወስኑ፤ መዝሙር 1ን ብቻ ይድገሙ። ማክሰኞ በአካል ይጀምሩ፤ ጫማ አውልቀው፣ አማትበው ሦስት ጊዜ ይስገዱ። ረቡዕ ጾም ነው፤ የተጣሉትን ሰው ስም ያንሡ፤ ከተቻለም መልእክት ይላኩ። ሐሙስ አንድ በደል በስሙ ይናገሩ፤ የሚመለስ ነገር ካለ ይመልሱ። ዓርብ ልመናዎን በአንድ መስመር ይጻፉ፤ እግዚኦ መሐረነን 12 ጊዜ በቀስታ ይበሉ። ቅዳሜ ስግደት የለም፤ የሦስት ሰዎችን ስም ያስቡ፤ የሁለቱን ጾም ምሳ ዋጋ ለችግረኛ ያድርሱ።

እሑድ ማልደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ። ሲደርሱ ደጁን ይሳለሙ። ወደ ውስጥ መግባት ካልቻሉ ከግቢው አጥር አጠገብ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ከቆሙት ጋር ይቁሙ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ይቆዩ። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ቀን ዘለው ከሆነ እዚያው ይንገሩትና ይተዉት፤ ያመለጠውን ለማካካስ እጥፍ አይጸልዩ።

ሰኞ ሲነጋ ጥጉ እዚያው አለ። መጽሐፉን ሲገልጡ ዓርብ የጻፉትን መስመር ያገኙታል፤ አንብበው መልሰው ያስቀምጡትና መዝሙር 2ን ይጀምሩ።